እንጀራው ምን አጠፋ?

ከቴል አቪቭ ወደ ሐይፋ በሚወስደው መንገድ እኩሌታ ላይ፣ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳር ሐዴራ ትገኛለች። በጊቫት ኦልጋ ሰፈር ፎቆች መካከል የሚያልፍ ሐበሻ የወገኖቹን ቤት በአፍንጫው ብቻ ለይቶ ያውቃል፤ እዚህ ቡና እየተቆላ ነው፣ እዚያ ምጣድ ተጥዷል። ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እናት ስድሳዎቹን ያጋመሰች፣ ከጎንደር ገጠር የመጣች ናት። ልጅ ከኩፓት ሆሊም (ከጤና መድን ተቋሙ) የተላከውን የደም ምርመራ ውጤት በስልኳ ከፍታ፣ በዕብራይስጥ ያነበበችውን በአማርኛ ትናገራለች።

«እማ፣ አይረንሽ በዝቷል ይላል።»

«ምኑ ነው የበዛው?»

«ብረቱ። ፌሪቲን ነው የሚሉት። ከ200 ባያልፍ ጥሩ ነው፤ ያንቺ 480 ነው።»

«አምና ደም አንሶሻል ብለው የብረት ኪኒን ሰጥተውኝ አልነበር? ዛሬ ደግሞ በዛ?»

ልጅቷ ወደ ታች ወርዳ ታያለች። ሄሞግሎቢኑም ዝቅ ብሏል። አንዱ በዝቷል፣ አንዱ አንሷል፤ እንዴት ብላ ታስረዳ? ባለፈው ወር በአልትራሳውንድ ጉበቷ ላይ ስብ መታየቱን ታስታውሳለች፤ እሱን ግን ከዚህ ጋር አላገናኘችውም። ጤፍ ብረት አለው ሲባል ግን ደጋግማ ሰምታለች።

«ከጤፉ ይሆናል። እስቲ እንጀራውን ለጊዜው ተይው።»

«እንጀራ ትቼ ምን ልበላ ነው፣ ልጄ?»

ይህችን እናት ስም አልሰጠኋትም፤ በብዙ ቤት ስላለች። ልጇም ክፉ አልመከረችም፤ የምታውቀውን ነው የተናገረችው። ነገር ግን እናትየዋ እንጀራዋን በመተው ከፌሪቲኗ ላይ የምትቀንሰው ነገር የለም። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ጤፉ አይደለም። ጉበቷ ላይ ስላረፈው ስብና ስብ ስላስከተለው መቆጣት ነው። ይህን በሚገባት ቋንቋ፣ ረጋ ብሎ የሚያስረዳት ሰው ያስፈልጋታል። ሐዴራ ደግሞ ይህን ጉዳይ ከሌላ ከተማ ይልቅ የምታውቅ ከተማ ናት።

የወባ አገር

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐዴራ የተቆረቆረችው በ1891 ነው። ከሩሲያ ግዛት የመጡ አይሁድ ሰፋሪዎች ያረፉበት መሬት ረግረግ ነበር፤ ረግረጉም የወባ ትንኝ ቤት። የከተማዋ ታሪክ እንደሚያወሳው በመጀመሪያዎቹ 20 ዓመታት ከ540 ነዋሪዎች 210ሩ በወባ አልቀዋል። ባሮን ኤድሞንድ ዴ ሮትሽልድ ገንዘብ ሰጡ፤ ከግብፅ የመጡ የቀን ሠራተኞች ቦይ ቆፈሩ፤ ውኃውን እንዲመጥጥ ባሕር ዛፍ በብዛት ተተከለ። ይህ የሆነው አፄ ምኒልክ ባሕር ዛፍን ለአዲስ አበባ ማገዶ ባስመጡባቸው ዓመታት አካባቢ ነው። ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው የሐዴራን የባሕር ዛፍ ጫካ ሲያይ ከአገሩ የሚያውቀው ዛፍ ይቀበለዋል።

በዚያ ዘመን ለሰፋሪዎቹ ከደረሱት ሐኪሞች አንዱ በ1864 የተወለዱት ዶክተር ሂሌል ያፌ ነበሩ። በቦታው የነበረውን ወባ ለመዋጋት ዕድሜያቸውን ሰጡ። ዛሬ በከተማዋ ያለው፣ በ1957 የተከፈተው ትልቁ ሆስፒታል በስማቸው ሂሌል ያፌ ይባላል። ከኢትዮጵያ የመጡት ወገኖቻችን በሐዴራ ሲወልዱም ሲታመሙም የሚሄዱት ወደዚያ ነው።

ወባን ያነሣሁት ለታሪክ ብቻ አይደለም። የወባ ተሕዋስ የሚኖረው በቀይ የደም ሴል ውስጥ ነው፤ ሴሉ ሲፈነዳ በውስጡ የነበረው ብረት ይፈስሳል። ተሕዋስ ሁሉ ማለት ይቻላል ለመራባት ብረት ይፈልጋል። ስለዚህ የሰው አካል ሲታመም ከሚሠራቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ብረቱን መደበቅ ነው፤ በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ብረት በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል። ትእዛዙን የሚሰጠውም ጉበት ነው። ከሐዴራ ሰፋሪዎችም ሆነ ከጣና ዙሪያ ገበሬዎች መካከል በወባ የታመመ ሁሉ ይህ ጥበቃ በአካሉ ውስጥ ሠርቷል። ዛሬ ረግረጉ ደርቋል፣ ወባው ሄዷል፤ የአካላችን ጥበቃ ግን አልተለወጠም። አሁን የሚቀሰቅሰው ሌላ ነገር ነው።

ጎተራውና ቁልፉ

በአዋቂ ሰው አካል ውስጥ ያለው ብረት ሁሉ ቢመዘን ከ3 እስከ 4 ግራም ቢሆን ነው። ሁለት ሦስተኛው ገደማ ኦክስጅን በሚሸከመው ሄሞግሎቢን ውስጥ አለ። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል ኖሮ ሲያረጅ ጣፊያና ጉበት ውስጥ ያሉ ጠራጊ ሴሎች ይውጡትና ብረቱን መልሰው ለአዲስ ደም ያቀብላሉ፤ በዚህ መንገድ በየቀኑ ከ20 እስከ 25 ሚሊግራም ብረት ይመላለሳል። ከምግብ የሚገባው ግን በቀን ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ብቻ ነው። ሰውነት የተረፈውን ብረት የሚያስወግድበት መንገድ ስለሌለው፣ ከሚደማና ከሚላላጥ በቀር፣ ቁጥጥሩ ሁሉ መግቢያው ላይ ነው።

ጉበትን እንደ ገበሬ ጎተራ አድርገን እንየው። እህሉ ብረት ነው፤ እህሉ ተጠቅልሎ የሚቀመጥበት ከረጢት ፌሪቲን የተባለው ፕሮቲን ነው። ከጎተራው መውጫ በር አለ፤ ሳይንቲስቶች በ2000 ያገኙት ይህ በር ፌሮፖርቲን ይባላል። በሩን የሚቆልፈው ደግሞ ጉበት ራሱ የሚሠራው ሄፕሲዲን የተባለ ትንሽ ሆርሞን ነው። የፓሪስ ተመራማሪዎች በ2001 ሄፕሲዲን የሌላቸው አይጦች በብረት ተጨናንቀው ባዩ ጊዜ ነው ቁልፉ የታወቀው፤ በሎስ አንጀለስ የቶማስ ጋንዝ ቡድን ደግሞ ያንኑ ሆርሞን ተሕዋስ የሚገድል የጉበት ፕሮቲን ሆኖ አግኝቶት ስሙን አወጣለት። በ2004 ኤልዛቤታ ኔሜትና ጋንዝ ሄፕሲዲን በሩ ላይ ተጣብቆ እንደሚያፈርሰው አሳዩ። ሄፕሲዲን ሲበዛ ከጉበት፣ ከጠራጊ ሴሎችና ከአንጀት ብረት አይወጣም። ጎተራው ሙሉ ሆኖ ቤተሰቡ ይራባል፤ መቅኔው አዲስ ደም ለመሥራት ብረት ያጣል።

የእናትየዋ ውጤት አሁን ይፈታል። ፌሪቲኗ ከፍ ብሎ ሄሞግሎቢኗ ዝቅ ያለው ሁለት በሽታ ስላለባት ላይሆን ይችላል። በሩ ተቆልፎ ይሆናል። ማን ቆለፈው? በእሷ አካል ውስጥ ወባ የለም። ያለው ስብ ነው።

ጉበት ላይ ስብ ሲያርፍ

ጉበቱን ያመመው ሰው ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ የወፍ በሽታ ይይዘዋል እየተባልን ነው ያደግነው። ስብ ያረፈበት ጉበት ግን እንዲህ አይጮህም። ከጉበት ሴሎች ከ5 በመቶ በላይ የሚሆኑት ስብ ሲይዙ በሽታው አለ ይባላል፤ ባለቤቱ ለዓመታት ምንም ላይሰማው ይችላል። በ1980 በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ዩርገን ሉድቪግ መጠጥ በማያበዙ ሰዎች ላይ የጠጪ ጉበት የሚመስል ጉዳት አይተው ስም ሰጡት። በ2023 ዓለም አቀፍ የጉበት ሐኪሞች ስሙን ከስኳርና ከክብደት መዛባት ጋር አያይዘው ቀየሩት። በዓለም ላይ ከሦስት አዋቂዎች አንዱ ገደማ ይህ እንዳለበት ይገመታል።

ስቡ የሚመጣው ሰው ስብ ስለበላ ብቻ አይደለም። ነጭ ዱቄትና ስኳር ሲበዛ ጉበት ወደ ስብ ይቀይረዋል፤ ሰውነት ለኢንሱሊን መታዘዝ ሲያቆም ደግሞ ከሆድ ስብ የሚለቀቀው ሁሉ ወደ ጉበት ይጎርፋል። ስብ የሞላው ጉበት ይቆጣል። የቁጣው መልእክተኞች፣ በተለይ ኢንተርሉኪን 6 የሚባለው፣ ጉበትን ተሕዋስ የገባ አስመስለው ያስደነግጡታል፤ ጉበትም በጥንቱ ልማዱ ሄፕሲዲን ይለቃል፣ ብረቱ ይቆለፋል። ፌሪቲን ራሱም በቁጣ ጊዜ የሚጨምር ፕሮቲን ነው፤ የተጎዳ የጉበት ሴልም ይለቀዋል። ስለዚህ 480 የሚለው ቁጥር የብረቷ ሚዛን ተደርጎ መነበብ የለበትም።

በ1997 በፈረንሳይ ሬን ከተማ ያሉ ሐኪሞች ላንሴት በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ነገር ጻፉ። ፌሪቲናቸው ከፍ ያለ፣ ጉበታቸው ላይም መጠነኛ ብረት የተከማቸ፣ ነገር ግን ትራንስፈሪን ሳቹሬሽናቸው ጤናማ የሆነ ሰዎች አግኝተው ነበር። ትራንስፈሪን በደም ውስጥ ብረትን የሚያጓጉዝ ፕሮቲን ነው፤ ሳቹሬሽን ማለት ከመጫኛው ምን ያህሉ ተይዟል ማለት ነው። በዘር በሚተላለፈው የብረት ክምችት ይህ ቁጥር ከ45 በመቶ በላይ ይወጣል፤ በእነዚህ ሰዎች ግን አልወጣም። የጋራቸው የነበረው ክብደት፣ ስኳርና የደም ቅባት ነው። ዛሬ ስብ ያረፈበት ጉበት ካላቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉ ፌሪቲናቸው ከፍ ብሎ ይገኛል።

ታዲያ ብረቱ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በ1894 እንግሊዛዊው ሄንሪ ፌንተን ብረት ከሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ጋር ሲገናኝ ምን ያህል አጥቂ ነገር እንደሚያመነጭ አሳይቷል። ስብ ባለበት ሴል ይህ ሲሆን ስቡ ይሻግታል። በ2012 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የብሬንት ስቶክዌል ላቦራቶሪ በብረትና በተበላሸ ስብ የሚመጣውን የሴል ሞት ፌሮፕቶሲስ ብሎ ሰየመው። በዚያው ዓመት በአሜሪካ በ628 ታማሚዎች ላይ የወጣ ጥናት ፌሪቲናቸው ከጤናማው ወሰን በአንድ ተኩል እጥፍ የበለጠ ሰዎች ጉበታቸው ይበልጥ ጠባሳ ይዞ እንደሚገኝ አሳየ። ስለዚህ የፌሪቲኑን ቀይ ምልክት ችላ ማለት ስሕተት ነው። ጥያቄው ምልክቱን አይቶ ምን ይደረግ የሚለው ነው።

ደም ማውጣት

የመጀመሪያው ሐሳብ ብረቱን ማውጣት ነው፤ ለዚህ ያለው ቀላል መንገድ ደም መቅዳት ነው። በአንድ ከረጢት ደም ውስጥ ከ200 እስከ 250 ሚሊግራም ብረት ይወጣል። በዘር ለመጣ የብረት ክምችት ይህ ሕይወት አድን ሕክምና ነው። ስብ ላረፈበት ጉበትስ? በ2015 አውስትራሊያ ውስጥ 74 ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ለስድስት ወር ሞከሩት። ደም የተቀዱት ፌሪቲናቸው ወረደ፤ የጉበታቸው ስብ፣ የጉበት ኢንዛይማቸውና የኢንሱሊን ጉዳያቸው ግን ካልተቀዱት አልተሻለም። ቁጥሩን ማውረድ ብቻውን በሽታውን አላወረደውም።

በእስራኤል ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ግን ደም ስለ መስጠት የሚነሣ ወሬ ሁሉ ከሕክምና ያለፈ ነገር ይቀሰቅሳል። በጥር 1996 ማዓሪቭ ጋዜጣ የኢትዮጵያውያንን የደም ስጦታ የደም ባንኩ እየተቀበለ፣ ኤች አይ ቪ በመፍራት፣ ለሰጪዎቹ ሳይነግር ይደፋው እንደነበር አጋለጠ። ከቀናት በኋላ ከ10,000 የማያንሱ ሰዎች ኢየሩሳሌም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ተሰለፉ፤ ፖሊስ በአስለቃሽ ጢስና በውኃ በተናቸው። በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይትስሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። በታኅሣሥ 2013 የፓርላማ አባሏ ፕኒና ታማኖ ሻታ እዚያው ፓርላማው (ክኔሴት) ውስጥ ደም ልስጥ ስትል ተከለከለች። ወገኔን ለማዳን ብሎ ክንዱን የዘረጋ ሰው ደሙ ቆሻሻ ውስጥ መግባቱን ሲሰማ የሚቆስለው ቁስል በሃያ በሠላሳ ዓመት አይሽርም። ሐኪም ለአንዲት የጊቫት ኦልጋ እናት «ደምሽ ውስጥ የበዛ ነገር አለ» ሲላት ይህን ማስታወስ ግዴታው ነው ብዬ አምናለሁ። ምን በዛ፣ ለምን በዛ፣ ሌላ ሰውን ያጠቃል ወይ ለሚለው መልስ ካልሰጣት ሌላ ፍርሃት ጭኖባት ነው የሚሸኛት።

ጤፍ ይመስክር

አሁን ወደ እንጀራው። ጤፍ ብረት የበዛበት እህል ነው የሚባለው እውነት ነው፤ ግን የብረቱ ትልቅ ክፍል የሚመጣው ከአፈር ነው። አውድማው ላይ ነዶው ተዘርግቶ በሬ ይሄድበታል፤ የጤፍ ፍሬ ከመድቀቁ የተነሣ ቢነፋም ቢንጓለልም አፈሩ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። በ1950ዎቹ መጨረሻ በኢትዮጵያ በተካሄደ የአመጋገብ ጥናት አንድ ሰው በቀን የሚበላው ብረት በብዙ መቶ ሚሊግራም የሚቆጠር ሆኖ ተገኘ። የአዋቂ ወንድ ፍላጎት በቀን 8፣ በወር አበባ ዕድሜ ያለች ሴት 18 ሚሊግራም ነው። ምግቡ ቢወቀስ ኖሮ የደጋው ሕዝብ ሁሉ ጉበት በብረት መታመም ነበረበት።

ስዊድናዊው የሕፃናት ሐኪም ይንግቨ ሆፍቫንደር ይህን ለማጣራት ተነሡ። ይሠሩ የነበሩት አዲስ አበባ በሚገኘው የሕፃናት ምግብ ጥናት ማዕከል ነው፤ እናቶቻችን የሚያውቁት ፋፋ የተገኘበት ቦታ ነው። በ1968 ባሳተሙት ሥራ ያን ያህል ብረት የሚበላው ሕዝብ በብረት ክምችት እንዳልታመመ አሳዩ። ምክንያቱም የአፈር ብረት በጨጓራና በአንጀት የሚሟሟ ዓይነት አይደለም፤ በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ነገርም ብረትን ይይዛል። ገብቶ ይወጣል።

በደቡብ አፍሪካ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የጆሃንስበርግ ሐኪሞች በብረት የጠቆረና የጠጠረ ጉበት ማየት ጀመሩ። መንስኤው ሰዎቹ በብረት በርሜልና በብረት ድስት የሚጠምቁት ጠላ ነበር፤ ኮምጣጣው መጠጥ ብረቱን አሟሙቶ ለአንጀት አመቻችቶ ያቀርበዋል። የእኛ ጠላ ሲጠነሰስ የኖረው በሸክላ ጋን ነው። ወሳኙ በምግብ ውስጥ ያለው የብረት ብዛት አይደለም፤ አንጀት ሊወስደው መቻሉ ነው።

ከሰሜን ተራሮች የመጣ ሌላ ምስክርም አለ፤ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን (የኢትዮጵያ አይሁድ) ከነበሩበት አገር። አሜሪካዊቷ የሰው ልጅ ጥናት ምሁር ሲንቲያ ቢል በ2002 ባሳተሙት ጥናት በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን ለኩ። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ነበር፤ በዝቅተኛ ቦታ ከሚኖሩ ጤነኞች ብዙም አይለይም። የሴቶቹን ቁጥር ልብ በሉት። ከእነዚያ ተራሮች የመጣች እናት ሐዴራ ላይ ደሟ ካነሰ፣ ለዘመናት የበላችውን እንጀራ ከመክሰስ በፊት በሐዴራ የተለወጠውን ነገር መጠየቅ ይገባል።

የተለወጠው ብዙ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጤፍ እንደ ልብ ስለማይገኝ እንጀራ በነጭ የስንዴ ዱቄት ተጋገረ፤ ዛሬም በጤፍ ውድነት ምክንያት የሚደባለቅበት ቤት ብዙ ነው። ነጭ ዳቦ ርካሽ ነው። ኮካ ኮላና የሚጣፍጥ ጭማቂ ገበታ ላይ ቆመ። ውኃ ለመቅዳት፣ እንጨት ለመልቀም፣ ገበያ ለመሄድ የሚሄደው እግር አሳንሰርና አውቶቡስ አገኘ።

በሐዴራ የታየው

በዘመቻ ሙሴ (1984–85) ከሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን በ36 ሰዓት 14,325 ሰዎች እስራኤል ሲገቡ የስኳር በሽታ ከመካከላቸው ብርቅ ነበር። ሐኪሞች ይፈልጉ የነበረው ወባን፣ ሳንባ ነቀርሳን፣ ሄፓታይተስ ቢንና የአንጀት ትልን ነበር። ስኳሩ ግን ፈጥኖ መጣ። በ1988 ዳያቢቲስ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በወጣት ኢትዮጵያውያን መጤዎች መካከል በሽታው ከፍተኛ መሆኑን አስታወቀ።

ይህን በየቀኑ ከሚያዩት አንዷ በሂሌል ያፌ ሆስፒታል የስኳርና የሆርሞን ሐኪሟ ዶክተር አናት ያፌ ነበሩ። በ1998 ሐዴራ ላይ «ጤና ብሪዩት» የተባለውን ድርጅት መሠረቱ፤ ስሙ አማርኛና ዕብራይስጥ የተጣመሩበት ነው። ድርጅቱ በአማርኛ ትምህርት አዘጋጀ፣ ከማኅበረሰቡ የወጡ አገናኞችን አሠለጠነ፣ ሐኪምና ታማሚ በስልክ የሚገናኙበት የአማርኛና የዕብራይስጥ የሕክምና ትርጉም አገልግሎትም ዘረጋ። እኔ ትልቅ ቦታ የምሰጠው ለዚህ ለመጨረሻው ነው። ልጅ ለእናቷ የሕክምና አስተርጓሚ መሆን የለባትም። እናት ስለ ወር አበባዋ ወይም ስለ አረቄ ልማዷ በልጇ በኩል እውነቱን አትናገርም፤ ልጅም ክፉ ዜናን አለስልሳ ታልፋለች። በዚያ መካከል «ፌሪቲን» «ብረት በዝቷል» ይሆናል፣ «ብረት በዝቷል» ደግሞ «እንጀራ ተይ» ይሆናል።

ዶክተር ያፌና ባልደረቦቻቸው ያሳተሟቸው ጥናቶች ሌላም ነገር አሳዩ። ኢትዮጵያውያኑ ላይ ስኳር የሚመጣው ገና በወጣትነት ነው፤ ደግሞም ከሌላው እስራኤላዊ ባነሰ ክብደት። ይህ ለጉበትም ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው ብዬ አየዋለሁ። «ቀጭን ነኝ፣ ስብ ከየት ይመጣብኛል?» የሚለው መጽናኛ ለእኛ አይሠራም። ከሚዛኑ ይልቅ ወገብ ይናገራል፤ እጅና እግሩ ቀጥኖ ሆዱ የገፋ ሰው ጉበቱን ይመርመር።

ምን ይጠየቅ፣ ምን ይደረግ

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ፌሪቲንን ለብቻው አትቀበሉ። ትራንስፈሪን ሳቹሬሽን ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ። ከ45 በመቶ በላይ ከሆነ የዘር ጉዳይ ይታይ፤ ከ20 በታች ከሆነ ደግሞ ጎተራው ሙሉ ቢመስልም መቅኔው ብረት እያጣ ሊሆን ይችላልና፣ እውነተኛ የብረት እጥረት ተደብቆ እንዳይሆን ይጣራ። ፌሪቲን 1,000 ካለፈ ነገሩ በጥልቀት መመርመር አለበት። ሄፓታይተስ ቢ ተመርምራችሁ ካላወቃችሁ ይመርመር፤ በመጣችሁበት አገር የተለመደ ስለነበር ፌሪቲንን ከሚያስነሡት አንዱ እሱ ሊሆን ይችላል። መጠጥ ካለ ይነገር፤ አረቄም ፌሪቲንን ያስነሣል።

ከሁሉ በላይ ስለ ጠባሳው ጠይቁ። ጉበት ላይ ስብ መኖሩ ብቻውን የሚገድል ነገር አይደለም፤ ዕድሜ የሚያሳጥረው ስቡ ያስከተለው ጠባሳ ነው። ፊብ 4 የሚባል ስሌት አለ፤ ዕድሜን፣ ሁለት የጉበት ኢንዛይሞችንና ፕላትሌትን ይዞ ይሠራል። ተጨማሪ ደም አያስፈልገውም፤ ወረቀታችሁ ላይ ያሉት ቁጥሮች ይበቁታል። ከ1.3 በታች ከሆነ የከፋ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ትንሽ ነው፤ ከ65 ዓመት በላይ ላሉት ወሰኑ ከፍ ይላል። ከበለጠ ፋይብሮስካን በተባለው የጉበት መመርመሪያ ይታያል።

የብረት ኪኒንን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትጀምሩ፤ የታዘዘላችሁንም በጎረቤት ምክር አታቁሙ። እንጀራን አትተዉ። ይልቅ ጤፉ እውነተኛ ጤፍ መሆኑን፣ ከነጭ ዱቄት ጋር ምን ያህል እንደተደባለቀ፣ አንድ ገበታ ላይ ስንት እንደሚበላ እዩ፤ እንጀራም ሲበዛ ስኳር ነው፣ ይህን መደበቅ አይገባም። ከአጠገቡ ሽሮውና ምስሩ፣ ጎመኑም ይብዛ፤ ለስላሳው ይቅር። ቡናችሁን አትተዉ፤ በብዙ ጥናቶች ቡና የሚጠጡ ሰዎች ጉበታቸው አነስተኛ ጠባሳ ይዞ ተገኝቷል፤ ስኒው ውስጥ የምትጨምሩትን ስኳር ግን ቀንሱ።

ውጤት የሚያመጣው ክብደት መቀነስ ነው። በ2015 ኩባ ውስጥ 293 ታማሚዎች ለአንድ ዓመት ምግባቸውንና እንቅስቃሴያቸውን አስተካክለው ጉበታቸው በናሙና ተመረመረ። ከክብደታቸው 10 በመቶና ከዚያ በላይ ከቀነሱት በ90 በመቶው ላይ የጉበት መቆጣቱ ጠፋ፤ በ45 በመቶው ላይ ጠባሳውም ወደ ኋላ ተመለሰ። 80 ኪሎ ለምትመዝን እናት ይህ 8 ኪሎ ነው። 4 ኪሎ እንኳ ብትቀንስ የጉበት ስቧ ይወርዳል። ቁጣው ሲበርድ ሄፕሲዲኑም ይበርዳል፣ በሩም ይከፈታል፣ ፌሪቲኑም ማንም ደም ሳይቀዳት ይወርዳል። መድኃኒትም እየመጣ ነው፤ በመጋቢት 2024 በአሜሪካ ለዚህ የጉበት በሽታ የመጀመሪያው መድኃኒት ሬስሜቲሮም ተፈቅዷል። ግን እሱም ቢሆን የሚታዘዘው ከአመጋገብና ከእንቅስቃሴ ጋር ነው።

ለኩፓት ሆሊም ሐኪሞች አንድ ልመና አለኝ። ለአማርኛ ተናጋሪ ታማሚ ፌሪቲን ስትነግሩ በስልክ አስተርጓሚ ጥሩ፤ አምስት ደቂቃ ጨምሩ፤ ደም ስለ መቅዳት ከማንሣታችሁ በፊት ለምን እንደሆነ ንገሯት። ለልጆቻችን ደግሞ፦ እናቶቻችሁን እንጀራ አታስከልክሉ። የሚቀጥለውን ቀጠሮ ያዙላቸው፣ ትራንስፈሪን ሳቹሬሽንና ፊብ 4 ይጠየቅ ብላችሁ በዕብራይስጥ ጽፋችሁ ስጧቸው፣ ማታ ማታም በባሕሩ ዳር አብራችኋቸው ሂዱ።